መጀመሪያ ያልጣመ ዘፈን እንዴት ይወደዳል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰው ሁሉ የሚያወድሰውን ዘፈን ሰምቶ ምንም ሳይሰማው የቀረ አድማጭ መጀመሪያ የሚጠይቀው ራሱን ነው፦ ችግሩ ከእኔ ነው ወይስ ከዘፈኑ? ከዓመታት በፊት ችላ ብሎ ያለፈውን ዜማ ታክሲ ውስጥ ሰምቶ ድንገት እንባው የመጣበት ሰው ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ለሁለቱም የተጻፉ ናቸው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ሙዚቃ የተወሰዱ ሲሆን ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስሰማው ምንም ስሜት ያልሰጠኝ ዘፈን በኋላ ሊጥመኝ ይችላል?

ይችላል፤ በተለይም ስሜቱ ለብ ያለ ብቻ ከነበረ። «አልጣመኝም» ስንል ሁለት በጣም የሚለያዩ ነገሮችን ማለታችን ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ዘፈን ያስከፋናል፤ የድምፃዊው አጣጣል ይጎረብጠናል፣ የግጥሙ ሐሳብ ያናድደናል፣ ከማንፈልገው ትዝታ ጋር ይያያዝብናል። እንዲህ ያለውን ስሜት መደጋገም ሊያባብሰው ይችላል። ሌላው ዘፈን ግን ተጀመረ፣ አለቀ፣ እኛም ወደ ጨዋታችን ተመለስን። ምንም አላደረገንም። ብዙ ተስፋ ያለው ይህ ሁለተኛው ነው። ጆሯችን የሚጨብጠውን ነገር ገና ስላላገኘ በዘፈኑ ላይ ፍርድ ሰጥተናል ለማለት እንኳን አንችልም።

በሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ሕዝብ ሁሉ ሐሳቡን የቀየረበት ጊዜ አለ። ኢጎር ስትራቪንስኪ ለባሌ ዳንስ የደረሰው «የጸደይ ሥርዓት» ግንቦት 1913 ፓሪስ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ አዳራሹ በጩኸትና በረብሻ ተናወጠ። ዓመት እንኳ ሳይሞላ በዚያው ከተማ ሙዚቃው ብቻውን በኮንሰርት ሲቀርብ ግን አድማጮች ደራሲውን በትከሻቸው ተሸክመው ወጡ። ሙዚቃው ግን ያው ሙዚቃ ነበር።

መደጋገም ዘፈንን የሚያስወድደው ለምንድን ነው?

ጥያቄው በሥነ ልቦና ጥናት ውስጥ ረጅም ዕድሜ አለው። በ1968 ትውልደ ፖላንዱ አሜሪካዊ ተመራማሪ ሮበርት ዛዮንክ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት፣ የቻይና ጽሕፈት የሚመስሉ ምልክቶችንና የማይታወቁ ሰዎችን ፎቶግራፎች ለሰዎች አቀረበ። አንዳንዱን አንድ ጊዜ፣ አንዳንዱን ሁለትና አምስት ጊዜ፣ አንዳንዱን እስከ 25 ጊዜ አሳያቸው። ሰዎቹ ደጋግመው ያዩትን ይበልጥ ወደዱት። ማንም ስለ ምልክቶቹ አላብራራላቸውም፤ መተዋወቁ ብቻውን ሥራውን ሠራ።

ዘፈን ላይ ስንመጣ ግን ነገሩ ከዚህም ይጠልቃል። ሥዕል ከሆነ ፊታችን ቆሞ ይጠብቀናል፤ ዘፈን እየነጎደ ያልፋል። ስናዳምጥ አእምሯችን ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ እየገመተ ይከተላል፤ ግምቱ ሲሠምር ወይም ባማረ መንገድ ሲከሽፍ ደስ ይለናል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስንሰማ የምንገምትበት ነገር በእጃችን የለም። አዝማቹ መቼ እንደሚመለስ አናውቅም፤ ማሲንቆው የት ላይ እንደሚገባ አናውቅም፤ ድምፃዊቱ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ድምጿን ከፍ እንደምታደርግ አናውቅም። በ2011 ቫሎሪ ሳሊምፑርና በሞንትሪያል የሚገኙ ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት ይህን በአእምሮ ምስል አሳይቷል። ሰዎች የሚወዱትን ሙዚቃ ሲሰሙ ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር ደስታው ጣሪያ ሲነካ ይለቀቃል፤ ከዚያ በፊት፣ ያንን ቅጽበት በመጠበቅ ላይ ሳሉም በሌላ የአእምሮ ክፍል ይለቀቃል። መጠበቅ ራሱ የደስታው አካል ነው ማለት ነው። የማያውቁትን ነገር ደግሞ በጉጉት መጠበቅ አይቻልም። በእኔ እምነት ዘፈን ሁለተኛ ዕድል የሚገባው ከሁሉ በላይ በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህም የሚገርም ነገር አለ። ዲያና ዶይች የምትባል የሙዚቃ ሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1995 የተቀዳ የራሷን ንግግር ስታስተካክል አንዲት አጭር ሐረግ ደጋግማ እንድትጫወት አድርጋ ተወቻት። ጥቂት ቆይታ ክፍሉ ውስጥ ሰው የሚዘፍን መሰላት። ድምፁ ያው ነው፤ በመደጋገሙ ብቻ ንግግሩ ዜማ ሆኖ ተሰማት። እያንዳንዱ አነጋገር ውስጥ ተደብቆ የነበረውን ከፍታና ዝቅታ ጆሮ ያወጣው ትርጉሙን መከታተል ሲያቆም ነው። በዘፈንም እንዲሁ፣ መጀመሪያ ቃላቱን ስናሳድድ ዜማው ያመልጠናል፤ ዜማውን ስንከተል ግጥሙ ያመልጠናል። ሁለቱን አንድ ላይ የምንሰማው ቆይተን ነው።

ታዲያ ይህ ጆሮን ማታለል አይደለም? ሬዲዮ የደጋገመልኝን ሁሉ ልወድ ነው?

ስጋቱ ተገቢ ነው። መልሱ ግን አይደለም ነው፤ መደጋገም ጣሪያ አለውና። የሥነ ውበት ተመራማሪው ዳንኤል በርላይን እንዳስረዳው የአንድ ነገር ተወዳጅነት ከድግግሞሽ ጋር መጀመሪያ እየወጣ ሄዶ ጫፍ ይደርስና ይወርዳል። ቀላል ነገር ጫፉ ላይ ቶሎ ይደርሳል፣ ቶሎም ይሰለቻል። ውስብስብ የሆነው ዘግይቶ ይደርሳል፣ ዘግይቶም ይሰለቻል። በየሠርጉና በየመንገዱ ሲጮህ ከርሞ በዓመቱ ማንም የማያነሳውን ዘፈን ሁላችንም እናውቃለን። ጆሮ ገብ ነበር፤ ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሰጥቶ ጨረሰ።

ለምደነው ነው ወይስ ወደነው የሚለውን ለመለየት የምመክረው ዘፈኑን ለጥቂት ወራት መተው ነው። የለመድነው ብቻ ከሆነ ስንመለስ ባዶ ይሆንብናል። የወደድነው ከሆነ ከዚህ በፊት ያልሰማነው ነገር ይዞ ይጠብቀናል።

የአማርኛ ዘፈን በተለይ ጊዜ የሚፈልገው ለምንድን ነው?

ግጥሙ ነው። በአገራችን ሰው ስለ ዘፈን ሲያወራ ግጥም፣ ዜማና ቅንብር ብሎ ለያይቶ ይዳኛል፤ ብዙ ጊዜም በቅድሚያ የሚጠይቀው የግጥሙን ደራሲ ነው። ከአዝማሪ ጀምሮ የወረስነው ወግ ይህ ነው። አዝማሪ ማሲንቆውን እየገዘገዘ በስንኝ ያወድሳል፣ በስንኝ ይወቅሳል፤ ታዳሚውም «ተቀበል!» እያለ የራሱን ግጥም ይሰጠዋል። በዚያ ጨዋታ ላይ ስንኙ ሲነገር የሚስቀውና ትንሽ ቆይቶ የሚስቀው ሰው ይለያያል። ዘግይቶ የሳቀው ወርቁ የገባው ነው።

ሰምና ወርቅ ከቅኔ ቤት ወጥቶ ወደ ዘፈን ስለ ገባ አንድ ስንኝ ሁለት ጊዜ መሰማት ይፈልጋል። ለዚህ ጽሑፍ ብዬ አንድ ልግጠም፦

ያቺን የሣር ጎጆ እያየሁ በሩቁ፣
ሳልገባት መሸብኝ፣ ሰዎች ሆይ እወቁ።

በፍጥነት የሰማው ሰው መንገደኛ ጎጆዋን ከሩቅ እያየ፣ ሳይደርስባት ጨለመበት ብሎ ያልፋል። ሰሙ ይኸው ነው። ቆም ብሎ የደገመው ሰው «ሳልገባት» የሚለው ላይ ይያዛል፤ ሰውየው የሚለው የሚወዳት ሴት ሳትረዳው ዕድሜው አለፈ ነው። ከዚያ በኋላ «መሸብኝ» ራሱ ሌላ ይሆናል፤ እርጅና ይሆናል። አሁን ይህ ስንኝ በዋሽንት፣ በከበሮና በጭብጨባ መሀል፣ ድምፃዊው እያስረዘመና እያቆራረጠ ሲያዜመው ያስቡት። በመጀመሪያው ዕለት ወርቁን የሚያወጣ ጆሮ ጥቂት ነው። ዘፈኑ ያልጣመን ግማሹን ብቻ ስለ ሰማነው ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ ብዙ የባህል ዘፈኖቻችን በተከታታይ ታሪክ አይሄዱም። እያንዳንዱ ሁለት መስመር ራሱን የቻለ ነው፤ አንዱ ስለ ተራራ፣ ሁለተኛው ስለ እናት፣ ሦስተኛው ስለ ወንዝ ይሆናል። መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ታሪክ የሚጠብቅ አድማጭ የተበታተነ ይመስለዋል። ስሜቱ ግን አንድ ነው፤ ስንኞቹ ከየአቅጣጫው ወደዚያው ስሜት ይመለሳሉ። ይህን የሚረዳው ደጋግሞ የሰማ ነው።

ቅኝት ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል?

በጣም ይገናኛል፤ በተለይ በውጭ አገር ላደጉ ልጆች። ቅኝት ማለት ዜማው የሚሠራባቸው ድምፆች ስብስብ ነው። አራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺ ሆዬና አምባሰል እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው፤ ለጆሮ ያላቸው ቅርበት ግን እኩል አይደለም። ሜጀር ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። እነዚህ አምስት ድምፆች በቻይናም በስኮትላንድም ባህላዊ ዜማ ውስጥ ስላሉ የትም ያደገ ሰው አይደነግጥባቸውም። አምባሰል ላይ ሲደርስ ሬም ላም በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላሉ፤ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ላ። አንቺ ሆዬ ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል፤ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶል፣ ላ። ጆሮ ሶልን አገኘዋለሁ ብሎ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ድምፁ በግማሽ ደረጃ ጎድሎ ይጠብቀዋል። በፒያኖ ትምህርት፣ በፖፕና በፊልም ሙዚቃ ያደገ ልጅ ይህን ሲሰማ መሣሪያው ያልተቃኘ ይመስለዋል።

ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ የተወለደ ልጅ በወላጆቹ መኪና ውስጥ የሚሰማው ዘፈን ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ሲል ወላጆች ያዝናሉ። ልጁ ግን እውነቱን ነው የሚናገረው። ቅኝቱን ገና ያልለየ ጆሮ በቅኝቱ ውስጥ ያለውን ልዩነትም አይለይም። በዚህ ላይ ስድስት ለስምንት የሚሄደው የችክችካ ምት አለ። በአራት ምት ብቻ ማጨብጨብ የለመደ ሰው እጁን የት ላይ እንደሚያሳርፍ ይጠፋዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ አድማጭ መፍትሔው ከማብራሪያ ይልቅ እስክስታ ነው። ትከሻው ምቱን ሲያገኝ ጆሮው ተከትሎ ይመጣል። በሠርግ ላይ እየጨፈረ ዘፈኑን የወደደ የዳያስፖራ ልጅ ብዙ ነው፤ ያው ዘፈን ቤት ውስጥ ሲከፈት ክፍሉን ዘግቶ ይወጣ ነበር።

ግጥም የሌለው ሙዚቃስ? ምኑን ልያዝ?

የሙዚቃውን ዘር ይወቁ። ሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ (1935–2016) ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ ነው። ለማያውቅ ሰው አጨዋወቱ ሸካራ፣ ጩኸት የበዛበት፣ ዜማው የተቆራረጠ ሊመስል ይችላል። ይህ ሰው የሚጫወተው ግን ሽለላና ፉከራ ነው። ጀግና መሣሪያውን ይዞ፣ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ፣ ትንፋሽ እየሰበሰበ የሚያሰማውን ቀረርቶ ወደ ሳክስፎን አምጥቶታል። ይህን ያወቀ ሰው እያንዳንዱ መቆራረጥ የፎካሪው ትንፋሽ መሆኑን ይሰማል። እዚህ ላይ ጆሮውን የሚከፍተው እውቀቱ ነው፤ መደጋገሙ ብቻ ብዙ ባልረዳ።

የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ (1923–2023) ፒያኖ ደግሞ ሌላ ነገር ይጠይቃል። አዲስ አበባ ተወልደው፣ ስዊዘርላንድ ተምረው፣ ካይሮ ውስጥ ሙዚቃ አጥንተው፣ በግሸን ማርያም መንኩሰው፣ የመጨረሻዎቹን አሥርት ዓመታት በኢየሩሳሌም ገዳም ያሳለፉ እናት ናቸው። ሙዚቃቸው ምት አይቆጥርም። ይዘገያል፣ ይፈጥናል፣ ሐረጉ መሀል ላይ ያመነታል። አንዳንዱ ሰው መጀመሪያ ሲሰማ ተማሪ የምትለማመድ ይመስለዋል። በአውሮፓ ፒያኖ ጆሮ ከሰሙት የአገር ቤት ቅኝት እንግዳ ይሆናል፤ በትዝታ ጆሮ ከሰሙት ፒያኖው እንግዳ ይሆናል። ሁለቱን ትተው አንድ ሰው ብቻውን ሲጸልይ እንደሚሰሙ ሆነው ሲያዳምጡ፣ ያ ማመንታት ንግግር ይሆናል። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 ጀርመን ውስጥ ታትሞ ነበር፤ በዓለም ዙሪያ በሰፊው የታወቁት ግን በፈረንሳይ የሚታተመው የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ በ2006 ሥራቸውን በሲዲ ካወጣ በኋላ ነው። ጆሮ የሚዘገየው የግለሰብ ብቻ እንዳይመስለን።

የአባቴ ዘመን ዘፈኖች ለምን አይገቡኝም?

ቀረጻው ያርቅዎታል። አምሃ እሸቴ በ1969 የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ ሲያቋቁምና ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ባንዱ በሙሉ አንድ ላይ ሆኖ ነበር የሚቀዳው። ጥሩንባው ከድምፃዊው እኩል ይጮኻል፤ ቤዙ ደብዘዝ ይላል። ዛሬ እያንዳንዱ ድምፅ ተለይቶ፣ ተስተካክሎና ጠርቶ የሚመጣበትን ሙዚቃ የለመደ ጆሮ እንዲህ ያለውን ሲሰማ አሮጌነቱን ብቻ ይሰማል። ለጥቂት ቀናት የዚያን ዘመን ሥራ ብቻ ያዳምጡ። ጆሮ ሸካራውን ድምፅ ሲለምደው ከሥሩ ያለው አጨዋወት ብቅ ይላል።

ተቃራኒውም አለ። ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ኪቦርድና ከከበሮ ማሽን ጋር አድርጎ አንድ ካሴት ቀዳ። ለዘመኑ ያረጀ መሣሪያና ያልተለመደ ማሽን በአንድ ላይ የሆነበት ሥራ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እርሱ ታክሲ እየነዳ ኖረ። ካሴቱ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የውጭ ሙዚቃ ሰብሳቢ እጅ ገብቶ በ2013 እንደገና ሲታተም፣ በወቅቱ ያልተወለዱ የአውሮፓና የአሜሪካ ወጣቶች ወደ ኮንሰርቱ ይጎርፉ ጀመር። እኔ ይህን ታሪክ ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬ ችላ ያልኩትን ሥራ ማን መቼ እንደሚያነሳው እያሰብኩ ለፍርድ አልቸኩልም።

ቋንቋውን የማልሰማው ዘፈንስ?

ኢትዮጵያዊ አድማጭ ይህን ማንም ሊያስተምረው አይገባም። አረብኛ የማይሰማ ስንት ሰው ነው መሐመድ ዋርዲንና ሌሎች የሱዳን ድምፃውያንን አብሮ የሚያንጎራጉር? የሱዳን ሙዚቃም በአምስት ድምፅ የሚሄድ በመሆኑ ጆሯችን መግቢያ አያጣም። በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በጉራጊኛ የተዘፈነውም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ በምቱ ይገባሉ፣ ቀጥሎ አዝማቹን ይይዛሉ፣ ከዚያ ቋንቋውን የሚያውቅ ጓደኛ ስንኙን ይፈታልዎታል። ያን ዕለት ዘፈኑ እንደ አዲስ ይጀምራል።

በጉጉት የጠበቅሁት አዲስ አልበም በመጀመሪያው ቀን ቅር የሚያሰኘኝ ለምንድን ነው?

የሰሙት አዲሱን አልበም ብቻ ስላልሆነ ነው። በእንቁጣጣሽና በፋሲካ ዋዜማ አልበም ሲወጣ አድማጩ የድሮውን አልበም በልቡ ይዞ ነው የሚከፍተው። የድሮውን ለዓመታት ሰምቶታል፤ ፍቅር ይዞት፣ ፈተና ወድቆ፣ አገር ለቆ ሲሄድ ሰምቶታል። አዲሱ ገና ምንም የሕይወት ትዝታ አልተሸከመም። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ለአዲሱ ፍትሐዊ አይደለም። በዚያው ቀን ደግሞ ሁሉም ሰው አስተያየቱን ይጽፋል፤ «እንደ በፊቱ አይደለም» የሚለውን አንብቦ የሚያዳምጥ ሰው የሚሰማው ያንን ጉድለት ነው። አልበሙን ሳይሰሙ ምንም እንዳያነቡ አጥብቄ እመክራለሁ።

የምናዳምጥበት መሣሪያም ለውጦናል። ካሴት ለመዝለል አይመችም ነበር። ወደ ፊት ማሽከርከር ባትሪ ይጨርሳል፤ ቴፑ ክሩን ሊበላውም ይችላል፤ ቁጠባ የገባው ሰው በእስክሪብቶ ያጠነጥነው ነበር። ስለዚህ ሰው የሚወደውን ሦስተኛ ዘፈን ለመስማት የማይወደውን ሁለተኛውን ይታገሣል። ክረምቱ ሳያልቅ የማይወደው የነበረው ከሁሉ በልጦ ይገኛል። ዛሬ በጣት አንድ ንክኪ እናልፈዋለን። ስፖቲፋይ አንድ ዘፈን ተደመጠ ብሎ የሚቆጥረው 30 ሰከንድ ሲሞላው ነው፤ የቀድሞ ዘፈኖቻችን ብዙዎቹ በ30 ሰከንድ ውስጥ ገና መግቢያቸውን አልጨረሱም። በዚህ ፍጥነት የሚያዳምጥ ሰው ዝግ ያለ ትዝታን አልወደድኩትም ቢል ከመጀመሪያውኑ አልሰማውም።

ሁለተኛ ዕድል ስሰጠው እንዴት ላዳምጥ?

ካለፈው በተለየ መንገድ ያዳምጡ። በሥራ ላይ ሆነው ከሰሙት አሁን ተቀምጠው ይስሙት፤ በስልክ ድምፅ ከሰሙት በጆሮ ማዳመጫ ይስሙት፤ ብቻዎን ከሰሙት ከሚወደው ሰው ጋር ይስሙት። በአንዱ ዙር ግጥሙን ብቻ ይከተሉ፤ ከተቻለ ስንኞቹን በወረቀት ይጻፉ፣ ምክንያቱም የጻፉት ስንኝ ወርቁን ቶሎ ያሳያል። በሌላው ዙር ድምፃዊውን ትተው ቤዙን ወይም ክራሩን ብቻ ይከተሉ። አንዳንድ ዘፈን ለሌሊት የተሠራ ነው፤ ጠዋት በጥድፊያ ቢሰሙት ምንም አይልም። ለረጅም መንገድ የሚሆን ዘፈንም አለ። ወደ ደሴ ወይም ወደ ጎጃም በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው ሾፌሩ የከፈተውን ዘፈን መስኮት እያየ ሲሰማው ዘፈኑ ከአገሩ ጋር እንዴት እንደሚገጥም ያውቃል። አምባሰልን በአምባሰል ተራሮች ሥር እያለፉ መስማት የሚሰጠውን ስሜት በክፍል ውስጥ ማግኘት ይከብዳል።

በሁለት ማዳመጥ መካከል ቀናት ያሳልፉ። በአንድ ምሽት ደጋግሞ ማጫወት ከመግባቱ በፊት ማሰልቸቱ ይቀድማል።

ስንት ጊዜ ብሰማው ይበቃል?

ቁጥር የለውም። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ላይ አንድ የሚናፍቁት ቦታ፣ አንድ ስንኝ ወይም አንድ የድምፅ መታጠፊያ ካገኙ ይቀጥሉ። ካላገኙ ያስቀምጡትና በሌላ ዘመን ይመለሱበት።

ባለቤቴ በጣም የምትወደው ዘፈን ለእኔ ምንም አይለኝም። ምን ልበላት?

እውነቱን ይንገሯት፤ ከዚያ የት ቦታ ላይ እንደምትወደው ይጠይቋት። «ለምን ትወጂዋለሽ?» የሚለው ጥያቄ ሰውን ያስጨንቃል፤ «የቱ ጋ ነው የሚነካሽ?» የሚለውን ግን ማንም ይመልሳል። ያችን ቦታ እየጠበቁ አብረው ሲሰሙ የእርሷን ጆሮ ተውሰው ያዳምጣሉ። ዘፈኑ ከእናቷ ቤት የመጣ ከሆነም ታሪኩ ይነገርዎታል፣ ከዚያ በኋላ እንደ በፊቱ አይሰሙትም።

ሞክሬ ሞክሬ ባልወደውስ?

ይተዉት። በግዴታ የሚወደድ ዘፈን የለም፤ ታላቅ የተባለ ሥራ ሁሉ ለእያንዳንዱ ሰው አይደለም። ብቻ «መጥፎ ነው» ከማለት «ለእኔ አልሆነም» ማለት ለሠሪውም ለሌላው አድማጭም ይገባል።

ከየት ልጀምር?

ከትዝታ ይጀምሩ። ትዝታን ያልተጫወተ ትልቅ ድምፃዊ ማግኘት ያስቸግራል፤ ስለዚህ የማህሙድ አህመድን፣ የአስቴር አወቀን፣ የበዛወርቅ አስፋውን ተራ በተራ ያዳምጡ። ዜማው አንድ ዓይነት ስለሆነ ጆሮዎ ልዩነቱን፣ ማለትም የድምፃዊውን አያያዝ፣ መለየት ይማራል። ቀጥለው ክራር ብቻ ወዳለበት፣ ወደ ካሳ ተሰማና ወደ አስናቀች ወርቁ ይሂዱ። እዚያ ቅንብር የሚሸፍነው ነገር ስለሌለ ስንኙ ጠርቶ ይሰማል። አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ለሦስተኛ ያቆዩአቸው።

በገናን መጨረሻ ላይ ያድርጉት፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል፣ ወቅቱ ነውና። በገና ቶሎ የማይጥም መሣሪያ ነው። ከአሥሩ አውታሮች እያንዳንዱ ከብርኩማው፣ ማለትም አውታሮቹ ከሚያርፉበት ድጋፍ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንዚራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ አለች፤ ያንን የሚያንዘረዝር ድምፅ የምትፈጥረው እርሷ ናት። መጀመሪያ የሰማ ሰው መሣሪያው የተበላሸ ሊመስለው ይችላል። የመጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋን ቅጂዎች ያግኙና ሲያዳምጡ የስልክዎን ድምፅ ማጉያ አይጠቀሙ፤ የበገና ድምፅ በጣም ወፍራምና ዝቅተኛ በመሆኑ ትንሽ ማጉያ ቆርጦ ይጥለዋል። በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ወይም ወፍራም ድምፅ በሚያወጣ የቤት ማጫወቻ ይስሙት፤ የመዝሙሩን ቃል ደግሞ አስቀድመው ያንብቡት።